የካንሰር ህመምን በልብ ምት መለካት? ኤች አር ቪ ምንድን ነው?

ካንሰር ያለበትን ሰው "ህመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ እስካሁን ዋናው መለኪያ ነው። ለደም ግፊት ማሽን አለ፣ ለስኳር ማሽን አለ፣ ለህመም ግን የለም። ጣጣው ሰውየው መናገር ሲያቅተው ነው፣ ራሱን ሲስት፣ በመድኃኒት ሲፈዝ ወይ ገና አፉን ያልፈታ ህፃን ሲሆን። ደሞ "ሞርፊን ሱስ ያስይዘኛል" ወይ "በሽታው ብሷል ሊሉኝ ነው" ብሎ ፈርቶ 8ቱን 4 የሚል አለ። ለዛ ነው ተመራማሪዎች የልብ ምት ልዩነትን፣ ባጭሩ ኤች አር ቪን፣ ማየት የጀመሩት።

ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ መታ ማለት በየሰከንዱ እኩል መታ ማለት አይደለም፣ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መሃል አንዴ 950 ሚሊሰከንድ አንዴ 1040 ምናምን ሊሆን ይችላል። አየር ስናስገባ ትንሽ ይፈጥናል ስናስወጣ ይዘገያል (የእጃችሁን አንጓ ይዛችሁ በረዥሙ ተንፍሱና ሞክሩት)። ይሄን የሚያደርገው በዋናነት ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው፣ ለልብ እንደ ፍሬን በሉት። ህመም ሲነሳ ሰውነት ይደነግጣል፣ ፍሬኑ ይላላል፣ በምቶች መሃል ያለው ልዩነትም ይጠባል። የሚለካው በኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ማሽን) ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 ደቂቃ፣ አንዳንዴ 24 ሰዓት ሙሉ። በዚሁ ሀሳብ የሚሰራ ኤኤንአይ የሚባል ከ0 እስከ 100 ቁጥር የሚሰጥ መሳሪያ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ አለ፣ ቁጥሩ ሲወርድ ማደንዘዣ ሀኪሙ የህመም ማስታገሻው አንሶ ይሆን ብሎ ያያል።

ታዲያ ካንሰር ላይ ለምን ዝም ብሎ አይሰራም? ምክንያቱም ኤች አር ቪ የሚያየው የሰውነትን ጭንቀት እንጂ ህመሙን ራሱን አይደለም። ፍርሃት ያወርደዋል፣ ትኩሳት፣ ኢንፌክሽን፣ ደም ማነስ፣ እንቅልፍ ማጣት ያወርዱታል፣ እድሜም እንደዛው። ከካንሰር መድኃኒቶቹ ዶክሶሩቢሲን ልብን ሊጎዳ ይችላል፣ ቪንክሪስቲን ነርቭን ይነካል፣ ቤታ ብሎከር (የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ቁጥሩ ይቀየራል፣ ፔስሜከር (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ መሳሪያ) ያለው ወይ ልቡ ያለ ሪትም የሚመታ ከሆነማ ባይለካ ይሻላል።

በጣም የሚገርመኝ ግን የሞርፊኑ ነገር ነው። በሽተኛው ሞርፊን ወስዶ ህመሙ ሲቀንስ ቁጥሩ ይሻሻላል ብለን እንጠብቃለን አይደል፣ ግን ሞርፊን ትንፋሽንም ያዘገያል፣ የዘገየ ትንፋሽ ደሞ ህመም ኖረም አልኖረም ብቻውን ልዩነቱን ሊያሰፋው ይችላል። የባሰው ደሞ ትንፋሹ በደቂቃ ከ9 በታች ሲወርድ ነው፣ የቬገስን ስራ ለማየት የሚጠቀሙበት የፍሪኩዌንሲ ክልል ከ0.15 እስከ 0.4 ኸርዝ (በደቂቃ ከ9 እስከ 24 ጊዜ ማለት ነው) ስለሆነ የትንፋሹ ሞገድ ከዛ ይወጣና ሶፍትዌሩ ፍሬኑ የላላ ያስመስለዋል። ስለዚህ የትንፋሽ ቁጥር አብሮ ካልተመዘገበ እኔ በበኩሌ ውጤቱን አላምነውም።

ትንሽ ተስፋ የሚሰጠው ሰውን ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ማወዳደሩ ነው፣ መድኃኒት ከመውሰዱ በፊትና በኋላ፣ በተመሳሳይ አተኛኘት። መናገር የማይችል በሽተኛ ቁጥሩ ድንገት ቢወርድ ነርሷ ፊቱን፣ አተነፋፈሱን፣ ሲገላበጥ የሚያደርገውን እንድታይ ይቀሰቅሳታል። መናገር የሚችል ሰው 8 ካለ ግን ማሽኑ ደህና ነው ቢልም 8 ነው፣ በስማርት ዋች ስክሪን ላይ ያለችውን ቁጥር አይቶ ማስታገሻ መቀነስማ ጭራሽ አይታሰብም።