በቁማችን የተፈታልን

የሆሣዕና እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፍ ሥርዓት አለ። ሕዝቡ ዘንባባውን ግንባሩ ላይ አስሯል፤ ልጆች በዘንባባ ቀለበታቸው እየተጫወቱ የእናታቸውን ነጠላ ይጎትታሉ። በዚህ መካከል ካህናቱ ለሞተ ሰው የሚጸለየውን ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳሉ። አስከሬን የለም፤ የሚያለቅስም የለም። የሚፈታው በዚያ ለቆመው ምእመን ነው። ከሰኞ ጀምሮ ሰሙነ ሕማማት ይገባል፤ በዚያ ሳምንት ቤተ ክርስቲያን የጌታን ሕማምና ሞት ብቻ ስለምታስብ ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም። በእነዚያ ቀናት ከመካከላችን የሚጠራ ቢኖር ጸሎቱ አስቀድሞ ደርሶለታል ማለት ነው።

በየዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ዘንባባ ይዘን በደስታ እንደ ቆምን፣ ለእያንዳንዳችን ይፈታልናል። እኔ ስለ አንቀላፉ ወገኖቻችን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። እኛ በሕያዋንና በሙታን መካከል ወፍራም ግድግዳ እናቆማለን፤ ቤተ ክርስቲያን ግን በሕይወት ላለነው የሙታንን ጸሎት ትጸልያለች፣ ያረፉትንም በየቅዳሴው ከሕያዋን ጋር ታስባለች።

ይህን ከጌታ ተምራዋለች። ትንሣኤ ሙታን የለም የሚሉት ሰዱቃውያን ሰባት ወንድሞች ስላገቧት ሴት ጠይቀው ሊያጠምዱት በሞከሩ ጊዜ፣ ሙሴ በቁጥቋጦው አጠገብ የሰማውን ቃል አስታወሳቸው፤ የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብ አምላክ። ሙሴ ይህን ሲሰማ አብርሃም ከሞተ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል፤ መቃብሩም በኬብሮን ይታወቃል። እግዚአብሔር ግን «አምላኩ ነበርሁ» አላለም። ጌታም «ሁሉ ለእርሱ ሕያዋን ስለ ሆኑ፥ የሕያዋን አምላክ ነው እንጂ የሙታን አይደለም» አለ (ሉቃ. 20፥38)። ለቅሶ ቤት ገብተን «ከአብርሃም ከይስሐቅ ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን» የምንለው ለአፍ ልማድ ያህል ከሆነ ትልቅ ነገር እያለፈን ነው። የምንጠራቸው ሦስቱ አባቶች ጌታ ራሱ በምስክርነት የጠራቸው ናቸው።

ታዲያ ያረፉት አሁን የት ናቸው? የጻድቃን ነፍሳት በገነት ናቸው። በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» የተባለበት ቦታ ነው። ነገር ግን ገነት የመጨረሻው ማረፊያ አይደለችም፤ ጻድቃን መንግሥተ ሰማያትን የሚወርሱት ከትንሣኤ በኋላ በሥጋም በነፍስም ነው። ይህን ትምህርት ብዙዎቻችን ዘለነዋል። ሰው ሲሞት «ሰማይ ገባ» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን፤ ሥጋውን የተጣለ ልብስ እናደርገዋለን። የእምነታችን ምሰሶዎች ከሆኑት ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አምስተኛው ግን ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ381 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 አባቶች ያጸኑት፣ እኛም በየቅዳሴው የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት የሚዘጋው «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን ወሕይወተ ዘይመጽእ ለዓለመ ዓለም» (የሙታንን ትንሣኤ፣ የሚመጣውንም የዘለዓለም ሕይወት ተስፋ እናደርጋለን) በሚለው ቃል ነው። አስከሬንን አጥበን፣ በንጹሕ ጨርቅ ገንዘን፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርገን የምንቀብረውም ሥጋው የሚነሣ ስለ ሆነ ነው።

ያረፉትም እንደ እኛ ይጠብቃሉ። ዮሐንስ በራእዩ ከመሠዊያው በታች ያያቸው የሰማዕታት ነፍሳት «እስከ መቼ?» እያሉ ይጮኹ ነበር፤ ነጭ ልብስ ተሰጣቸውና የባልንጀሮቻቸው ቁጥር እስኪፈጸም ጥቂት እንዲያርፉ ተነገራቸው (ራእ. 6፥9-11)። የዕብራውያን መልእክትም በእምነት የተመሰከረላቸውን ከአቤል ጀምሮ ከዘረዘረ በኋላ፣ ያለ እኛ ፍጹማን እንዳይሆኑ እግዚአብሔር ስለ እኛ የሚበልጥን ነገር አስቀድሞ እንዳየ ይናገራል። እነ አብርሃም፣ እነ ሣራ፣ እነ ሙሴ እኛን እየጠበቁ ነው። እናትህ ገነት ገብታ ከሆነ እርሷም የምትጠብቀው አንተ የምትጠብቀውን ያንኑ ቀን ነው።

ይህ ተስፋ እንባን አይከለክልም። አንዳንድ ሰባክያን ሐዘንተኛው ፊት ቆመው «አታልቅሱ፣ ማልቀስ አለማመን ነው» ሲሉ እሰማለሁ፤ ጌታ ራሱ በአልዓዛር መቃብር እንዳለቀሰ የዘነጉት ይመስለኛል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ጭራሽ እንዳያዝኑ አይደለም፤ «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች» እንዳያዝኑ ነው።

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ወገኖቻችን ስለ ክርስትናቸው መገደላቸው በተሰማ ጊዜ በአዲስ አበባ ጨርቆስ ሠፈር ለቅሶ ተቀመጠ። እናቶች ደረታቸውን ይመቱ ነበር፤ የሚገነዝ አስከሬን፣ የሚሸኝ ሬሳ ግን አልነበረም። ባሕር ላይ ወይም በዐረብ አገር የጠፋ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦችም ይህን ያውቁታል። ንጋት ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል፣ መርዶው ይነገራል፣ መቃብር ግን የለም። ለእነዚህ ሰዎች የትንሣኤ ትምህርት ሌላው ሁሉ የሚቆምበት መሠረት ነው። ባሕርም በእርሱ ውስጥ ያሉትን ሙታን እንደሚሰጥ ተጽፏል (ራእ. 20፥13)። ሥጋው የት እንደ ወደቀ እኛ ባናውቅም የፈጠረው ያውቃል።

ወደ ተዝካሩ ልምጣ። ሰልስት፣ ሰባት፣ ዐርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያልን የምንቆጥራቸው ቀኖች የጸሎትና የምጽዋት ቀኖች ናቸው። በሦስተኛው ቀን የጌታን ትንሣኤ፣ በአርባኛው ዕርገቱን እያሰብን ለወገናችን ምሕረት እንለምናለን። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ሄኔሲፎሩ «በዚያን ቀን ከጌታ ምሕረትን እንዲያገኝ» ጸልዮለታል (2ጢሞ. 1፥18)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ለሞተው ሰው የሚጠቅመው ለቅሶ ሳይሆን ጸሎት፣ ምጽዋትና መሥዋዕት መሆኑን አስተምሯል። እኛ ግን ምን አደረግነው? ድንኳን፣ በሬ፣ ጠላ፣ የተበደረ ገንዘብ። ባሏን ቀብራ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት «የእገሌ ተዝካር ያንሳል» እንዳይባልባት ዕዳ ውስጥ ትገባለች፤ በልቶ የሚወጣው ሰው ወጡ ቀጠነ ብሎ ያማል፤ የኔ ብጤው ከአጥር ውጭ ይጠብቃል። ደግሞ የሚያሳፍረው ይህን ሁሉ በሟቹ ስም ማድረጋችን ነው። ያላት አሥር እንጀራ ከሆነ አሥሩን በቤተ ክርስቲያኑ በር ለተቀመጡት ትስጥ፤ ተዝካሩ ሙሉ ነው። እድሩም ሆነ የንስሐ አባቷ ይህን በግልጽ ቢነግሯት ትልቅ ሸክም ይወርድላታል።

በውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ «እዚህ ድንኳን የለም፣ ቀኑም የሥራ ቀን ነው» እያላችሁ አትተዉት። ሥርዓቱ ድንኳን አይፈልግም። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ስሙን ማስጠራት፣ ማስቀደስ፣ ለተቸገረ መስጠት በዋሽንግተንም በቤይሩትም ይቻላል።

ስም ማስጠራት ካልሁ አንድ ነገር ልጨምር። በፍትሐትም ሆነ በመታሰቢያው ጸሎት ካህኑ የሚጠራው የክርስትና ስምን ነው። አስከሬኑ መጥቶ፣ ካህኑ «የክርስትና ስሙ ማነው?» ሲል ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ከጎረቤት አንዲት አሮጊት «ገብረ ሚካኤል ነው» ብላ ታድናቸዋለች። የክርስትና እናትና አባቱም የሞቱ ከሆነ የሚያውቅ አይገኝም። አባትና እናቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ የአያቶቻችሁንም ስም ከእነርሱ ተቀብላችሁ ጻፉት። የራሳችሁንም ለልጆቻችሁ ንገሩ።