ፎቶንና ንድፍን በጨርቅ ላይ ስለማተም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቤተሰብ ፎቶን ወይም ራስ የነደፉትን ምስል በጨርቅ ላይ አትሞ በኩዊልት፣ ማለትም ከቁርጥራጭ ጨርቆች ተገጣጥሞ ከሙሌትና ከገበር ጋር በሚሰፋው ድርብርብ የአልጋ ልብስ ውስጥ ማስገባት፣ የቤት ፕሪንተር ላለው ሰው ሁሉ የሚቻል ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎች በመጀመሪያው እጥበት ምስሉ ሲደበዝዝባቸው ሥራው ከነአካቴው የማይሆን መስሏቸው ይተዉታል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከእጅ ጉድለት ሳይሆን ጨርቅን እንደ ወረቀት ከመቁጠር ነው።

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው ስህተት «ከታተመ በኋላ በካውያ ከተተኮሰ ወይም በኮምጣጤ ከተነከረ ቀለሙ ይጸናል» የሚለው ነው። ሐሳቡ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ለጨርቅ ሥዕል የሚሠሩ አንዳንድ ቀለሞች በውስጣቸው ያለው ማጣበቂያ በሙቀት ስለሚጠነክር መተኮስ ያስፈልጋቸዋል፤ ኮምጣጤም ሱፍና ሐር በአሲድ ቀለም ሲቀለሙ ይረዳል። የኢንክጄት፣ ማለትም ፈሳሽ ቀለም እየረጨ የሚያትመው ፕሪንተር ቀለም ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም። ዳይ የሚባለው ዓይነት በውሃ የሚሟሟና ከጥጥ ጋር በራሱ የማይዋሐድ በመሆኑ፣ ምንም ያህል ቢተኮስ ውሃ ሲያገኝ ይለቃል። ፒግመንት የሚባለው ደግሞ በውሃ የማይሟሙ ደቃቅ ብናኞችን ስለያዘ እጥበትንም ብርሃንንም በተሻለ ይቋቋማል። ስለዚህ የምስሉ ዕድሜ የሚወሰነው ከማተም በፊት ነው፤ ወይ ፒግመንት ቀለም ያለው ፕሪንተር መምረጥ፣ ወይ ጨርቁን ቀለም በሚያስይዝ ፈሳሽ ነክሮ ማድረቅ፣ ወይም በዚህ መንገድ አስቀድሞ የተዘጋጀ የጨርቅ ሉህ መግዛት ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ አንድ አሳሳች ነገር አለ። በብዙ የቤት ፕሪንተሮች ውስጥ ጥቁሩ ቀለም ብቻ ፒግመንት ሲሆን የቀሩት ዳይ ናቸው። ጽሑፍ አትሞ አጥቦ ያልለቀቀበት ሰው «የእኔ ፕሪንተር ችግር የለበትም» ብሎ ፎቶውን ያትማል፤ ከታጠበ በኋላ ግን ጥቁሩ ጽሑፍ እንዳለ ሆኖ የፊቱ መልክ ገርጥቶ ይገኛል። ስለዚህ ዋናውን ከማተም በፊት ሁሉንም ቀለማት በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አትሞ አንድ ቀን ማቆየት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያም እርጥቡን ቁራጭ በሁለት ነጭ ጨርቆች መሀል አድርጎ በእጅ መጫን ይገባል። በነጩ ላይ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ጥላ ከታየ ያ ቀለም ለኩዊልት ገና አልደረሰም።

«የሌዘር ፕሪንተር ቶነር ውሃ ስለማይፈራ ይሻላል» የሚሉም አሉ። ቶነር በሙቀት ቀልጦ የሚጣበቅ የፕላስቲክ ዱቄት ነው፤ በክሩ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ ከላዩ ስለሚቀመጥ ጨርቁ ሲታጠፍና ሲታሽ ይሰነጠቃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ጨርቅን ለማጠንከር የሚያገለግለው በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት በሌዘር ፕሪንተር ሙቀት ቀልጦ ማሽኑን ሊያበላሽ መቻሉ ነው። ይህን ወረቀት ለኢንክጄት ብቻ መጠቀም ይገባል።

በኢንክጄት ፕሪንተር ውስጥ ጨርቅ ማሳለፍ ማሽኑን ያበላሻል የሚለው ስጋትም ጥንቃቄ ካለ መሠረት የለውም። በፕላስቲክ የተለበጠው ወረቀት የሚያብረቀርቅ ጎኑ በጨርቁ ጀርባ ላይ ሆኖ በደረቅ ካውያ ሲተኮስ ለጊዜው ይጣበቃል። ሁለቱ በአንድነት 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ማለትም ኤ4 ሆነው ይቆረጣሉ፤ የተንጠለጠለ ክር ሁሉ በመቀስ ይነሣል። ማሽኑን የሚያንቀው በአብዛኛው ይህ ክርና የተላቀቀ ጠርዝ ነው።

ማንኛውም ነጭ ጨርቅ ይበቃል ማለትም ያሳስታል። ለጥጥ የሚስማማው ቀለም በፖሊስተር ላይ አይይዝም፤ በተቃራኒው በሙቀት የሚተላለፈው የሰብሊሜሽን ቀለም በፖሊስተር ላይ ደምቆ በንጹሕ ጥጥ ላይ አይጸናም። ተመራጩ ድርና ማጉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ለስላሳ ገጽ ያለው፣ የፋብሪካ ማጠንከሪያው በእጥበት የወጣለት ነጭ ጥጥ ነው። ነጭነቱን አጥብቄ የምናገረው የቤት ፕሪንተር ነጭ ቀለም ስለሌለው ነው፤ በፎቶው ውስጥ ያለው ነጭ ሸሚዝ የጨርቁን ቀለም ይይዛል።

ከጥራት ጋር በተያያዘ «በኢንች 300 ነጥብ ካልሆነ አይታተምም» የሚለው ለወረቀት የወጣ ልማድ ነው። የጨርቅ ሽመና ጥቃቅን ዝርዝሮችን ስለሚውጥ 150 እስከ 200 በአብዛኛው ይበቃል፤ 3000 በ4000 ፒክስል የሆነ የስልክ ፎቶ በ150 ሲታተም 50 በ67 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ይልቅስ የሚጎዳው በመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ ተልኮ የተጨመቀውን ቅጂ መጠቀም ነውና ዋናውን ፋይል መጠየቅ ይሻላል። የስክሪን ቀለም በጨርቅ ላይ እንዳለ ይወጣል ብሎ መጠበቅም አይገባም። ጨርቅ ያደበዝዛልና ንፅፅሩን ጥቂት ከፍ ማድረግ ይጠቅማል። ምስሉን ወደ ግራና ቀኝ መገልበጥ የሚያስፈልገው መጀመሪያ በወረቀት ላይ ታትሞ በካውያ ወደ ጨርቅ ለሚተላለፍ እንጂ በቀጥታ ለሚታተም አይደለም።

ይህ ሁሉ የኮምፒውተር ዘመን ነገር ነው ብለው የሚያስቡ ሳይያኖታይፕን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። እንግሊዛዊው ጆን ሄርሼል በ1842 እ.ኤ.አ. ያገኘው ይህ ዘዴ በብረት ጨዎችና በፀሐይ ብርሃን ሰማያዊ ምስል ያወጣል፤ በጥጥ ጨርቅ ላይም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ፎስፌት ያለው ሳሙናና በረኪና ግን ሰማያዊውን ያጠፉታል።

ብዙም የማይታሰብበት የባለቤትነት ጉዳይ ደግሞ አለ፤ በብዙ አገሮች የስቱዲዮ ፎቶ በገንዘብ ማሠራት ወይም ምስልን ከኢንተርኔት ማውረድ የማባዛት መብትን በራሱ አይሰጥም፤ ለሽያጭ ከሆነ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው።

በመጨረሻ ወደ ስፌቱ ስንመጣ፣ የታተመ ጨርቅ እንደ ሌላው ጨርቅ ተፈትቶ መልሶ አይሰፋም። በተዘጋጀ ሉህ ላይ መርፌ የተወው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ አይደፈንምና ስለታም ቀጭን መርፌ መርጦ አስቀድሞ ለክቶ መስፋት ይገባል። በምስሉ ዙሪያ ለስፌት ከሚታጠፈው 6 ሚሊ ሜትር በላይ ባዶ ጠርዝ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ ግንባር ወይም ጣት በስፌቱ ውስጥ ይቀራል። ሦስቱን ድርብ የሚያያይዘው የክር መስመርም በፊት ላይ ከማለፍ ይልቅ የፀጉሩን፣ የትከሻውንና የልብሱን ዳር ተከትሎ ቢሄድ መልኩ ጎልቶ ይወጣል።