«የሰማህ ላልሰማ አሰማ»፦ ከጎንደር አደባባይ እስከ ድሮ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ

«አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ይህ ጥሪ ዛሬ በብዛት የሚነበበው ስልክ ላይ ነው። መታወቂያ የወደቀበት፣ በሬ የጠፋበት፣ ለታማሚ ደም የሚፈልግ ሰው ጉዳዩን ጽፎ ከሥሩ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል። መልእክቱ አንተ ጋ አይቁም፣ አሻግረው ማለቱ ነው። አባባሉ እዚህ ድረስ ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ቃላቱ አንድ በአንድ ሲፈቱ ግን ከዚህ የበለጠ ነገር ይዘዋል።

ንግግሩ ለሕዝብ ሆኖ ሳለ «የሰማችሁ» አላለም። «የሰማችሁ» ቢል ኖሮ ሁሉም በጎረቤቱ እያመካኘ ዝም ይል ነበር። «የሰማህ» ሲል ግን እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ይይዘዋል። «ላልሰማ» የሚለው «ለ» እና «ያልሰማ» ተዋሕደው የተሠራ ነው። «አሰማ» ደግሞ «ሰማ» ከፊቱ «አ» ተጨምሮለት ሰሚው ራሱ አሰሚ የሚሆንበት ትእዛዝ ነው። «ማስታወቂያ» የሚለው ቃልም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ዐወቀ፣ አስታወቀ፣ ማስታወቂያ። አንዱ ጆሮን ሌላው ዕውቀትን ይዞ ይሂድ እንጂ ሁለቱም የሚናገሩት ሌላው ሰው እንዲደርሰው ስለማድረግ ነው።

ስለ «የደበሎ ቅዳጅ» ብዙ ይጠየቃል። ደበሎ ጠጉሩ ያልተነሣ የበግ ለምድ ነው፤ እረኛና የቆሎ ተማሪ ብርድ ይከላከልበታል። ቅዳጅ የተቀደደ ቁራጭ ነው። ከአዋጁ ጋር የሚያስተሳስረው ቤት መምታቱ ነው፤ አዋጅ፣ ቅዳጅ። በገበያ ጫጫታ መካከል የቃሉ መጀመሪያ ቢያመልጥ እንኳ ሁለት ጊዜ በ«ጅ» የሚዘጋ ድምፅ ጆሮን ይጠራል። ከረጅም ዘመን በኋላ የማስታወቂያ ዜማ የሚደርሱ ባለሙያዎች የተጠቀሙበት ብልሃት ይኸው ነው፤ የዕቃው ስም ቤት እንዲመታ ይደረጋል፣ የቀረው ግጥም ቢረሳም ስሙ ይቀራል።

አዋጅ ማስነገር በመላ አገሪቱ የነበረ ሥርዓት ነው። አባባሉን ለመረዳት ግን እንደ ጎንደር የሚመች ቦታ የለም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን መናገሻ ካደረጉ ጀምሮ ከግንቡ ፊት ያለው ሜዳ የመንግሥት ቃል የሚወጣበት ሆነ። «አደባባይ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ በአደባባይ ኢየሱስና በአደባባይ ተክለ ሃይማኖት አብያተ ክርስቲያናት ላይ አለ። የጃንተከል ዋርካም የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ነጋሪት ይጎሰማል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ አዋጅ ነጋሪው ቃሉን ያሰማል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ አዋጅ በዚህ ከበሮ ድምፅ ይነገር እንደነበርና የነጋሪት ስምም «ነገር» ከሚለው ቃል እንደመጣ ጽፏል። በግእዝ «ነገረ» ማለት ተናገረ ነው፤ ስለዚህ ነጋሪት ሲባል መናገሪያ ማለት ይሆናል።

ነጋሪት ሆዱ ግማሽ ክብ ነው፤ እንደ ባለቤቱ ማዕርግ ከብር፣ ከመዳብ ወይም ከእንጨት ተሠርቶ አፉ በበሬ ቆዳ ይወጠራል። ከበሮ ይመታል፣ ነጋሪት ግን ይጎሰማል፤ ሁለቱን ግሦች ማደባለቅ ለጆሮ ይጎረብጣል። ቆዳው እርጥበት ሲጠጣ ስለሚላላ ድምፁ ይሞታል። በክረምት ነጋሪት ከመጎሰሙ በፊት ፀሐይ ወይም እሳት አጠገብ እንዲደርቅ የሚደረገው ለዚህ ነው።

አባባሉን የወለደው ግን የድምፅ ወሰን ነው። አዋጅ ነጋሪው ምንም ያህል ጉሮሮው ቢያምር በገበያ መካከል ከጥቂት መቶ ሜትር በላይ አይሰማም። አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ደምቢያ፣ ወገራ፣ በለሳና ጭልጋ ከዚያም በላይ ናቸው። የገበያ ቀን ለአዋጅ የሚመረጠው ከእነዚህ አገሮች የመጣው ሰው እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ጋቢውን ገዝቶ ሲመለስ ቃሉንም ይዞ ስለሚሄድ ነበር። ነጋሪቱ የሚሠራው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች ነው፤ የቀረውን የሚሠራው ሰሚው ነው። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ጌጥ አይደለም፤ የሥርጭቱ ግማሽ እሱ ነው። በዚያ ላይ አዋጁ «አልሰማሁም» የሚለውን ማመካኛ ይዘጋል፤ ጎረቤትህ ከሰማ እንደሰማህ ትቆጠራለህና።

ሥርዓቱ ጨርሶ አልጠፋም። የእድር ለፋፊ ማለዳ ጥሩንባ ነፍቶ ማን እንዳረፈና ቀብሩ የት እንደሆነ ሲናገር በየበሩ አይቆምም፤ በየመንደሩ ጥግ ይናገራል፣ ቀሪውን ሰው ለሰው ያዳርሳል። የአገሪቱ ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣም ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ስሙ ነጋሪት ነው።

ወደ ቴሌቪዥን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይመሳሰላል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ነው፤ በቀለም በመደበኛነት መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ሲመሠረት ነው። ለብዙ ዓመታት ጣቢያው አንድ ብቻ ነበር፣ ቴሌቪዥን ያለውም ቤት ጥቂት። ልጆች ጎረቤት ቤት ምንጣፍ ላይ ተደርድረው የምሽቱን ሁለት ሰዓት ዜና ይጠብቁ ነበር፤ የሚጠብቁት ግን ዜናውን ሳይሆን ከፊትና ከኋላው ያለውን ማስታወቂያ ነበር። በማግስቱ ዜማው ትምህርት ቤት ይደርሳል፣ ከትምህርት ቤት ቴሌቪዥን ወደሌለበት ሰፈር ይሻገራል። ማስታወቂያውን አይቶ የማያውቅ ልጅ ዜማውን በቃሉ ያውቀው ነበር። ይህ የአደባባዩ ሥርዓት ራሱ ነው፤ ነጋሪቱ ብቻ ተቀይሯል። የድሮ ማስታወቂያ ናፍቆት የሚመጣውም ከዚህ ይመስለናል። ሰው የሚናፍቀው ሳሙናውን ወይም ጫማውን አይደለም። አዘዞ ያለውም ፒያሳ ያለውም በአንድ ምሽት አንድ ነገር ሰምቶ በማግስቱ አብሮ ማዜሙን ነው።

ሙያው የራሱ ሰዎች ነበሩት። ውብሸት ወርቃለማሁ ከቀዳሚዎቹ የማስታወቂያ ባለሙያዎች አንዱ ነው፤ በኋላ ተዋናዩ ሠራዊት ፍቅሬ ማስታወቂያን እንደ አጭር ድራማ ቤተሰብ የሚያየው አደረገው። የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ በአማርኛ ከ60 ቃል ብዙም አይሸከምም፤ ቃሎቻችን ረጃጅም ናቸው። ከዚያ በላይ ሲታጨቅ አንባቢው ይሮጣል፣ የዕቃው ስም ይዋጣል። ድሮ የተሠሩት ጆሮ ላይ የቀሩት ብዙ ስላልተናገሩ ነው።

ጎንደር በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ድርሻ አላት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ዳሸን ቢራ የተራራውን ስም ይዞ ከዚህችው ከተማ ወጥቶ በማስታወቂያ አገር አዳረሰ። በ2011 ዓ.ም. ግን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በነጋሪት ጋዜጣ ወጣና የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ታገደ። ዕገዳው ለጤና የወጣ ነው፣ ተገቢም ነው። የቢራ ማስታወቂያ ዜማዎች ግን ከዚያ ወዲህ በአየር ላይ የሉም፤ የሚገኙት እንደ ድሮ የቪዲዮ ካሴት ባሉ ቅጂዎች ውስጥ ነው።

ስለዚህ ካሴቱ ያለው ሰው «የሰማህ» የተባለው እሱ ነው። ብዙ ቤት ድራማ ወይም የበዓል ዝግጅት ሲቀረጽ ማስታወቂያው ሳይታሰብ አብሮ ተቀርጿል። ሠርግ የተቀረጸበት ካሴት መጨረሻ ላይም የተረፈው ቦታ ከቴሌቪዥን በተቀዳ ነገር ተሞልቶ ይገኛል፤ እስከ መጨረሻው ሳያዩ «ሠርግ ነው» ብሎ መተው ስሕተት ነው።

ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር ለመቅዳት መጀመሪያ መስኮቱን በብርሃን እዩት። በጥቅሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ብናኝ ካለ ሻጋታ ነው፤ ዴክ (የካሴት ማጫወቻ) ውስጥ አታስገቡት። ሻጋታው «ሄድ» የሚባለውን ፊልሙን የሚያነብ የዴኩን ክፍል ይበክላል፣ ከሄዱ ወደሚቀጥለው ካሴት ይሻገራል። ለብቻው ለይታችሁ ለባለሙያ አቆዩት። ንጹሕ ከሆነ ከጀርባው በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሩ፤ ያኔ ማንም ተሳስቶ ሊቀርጽበት አይችልም። ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት ከመታየቱ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ ሄዶ ይጠንጠን፤ ጥቅሉ እኩል ካልጠበቀ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስም ፊልሙ ይታጠፋል።

ሥራው ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ የጎንደር አየር እርጥብ ነው፤ እርጥበት ነጋሪቱን እንደሚያላላ ሁሉ ካሴቱንም ያጣብቀዋል፣ ሄዱ ላይ ያስይዘዋል። ከቀዝቃዛ ዕቃ ቤት የወጣ ካሴት አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ይደር።

ሄዱን ለማጽዳት አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር የማይለቅ ለስላሳ ጨርቅ ያስፈልጋል። ጨርቁ ባለበት ተይዞ የሚዞረው ሲሊንደር በእጅ ወደ ጎን ይዘወራል። ወደ ላይና ወደ ታች መፈተግ ሄዱን ይሰብራል፤ ብዙ ዴክ የተበላሸው እንዲህ ነው። ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ፊልሙ በሲሊንደሩ ላይ እንደተጠመጠመ ይቀራል፤ ጎትታችሁ እንዳታወጡት። መብራቱ ሲመጣ ዴኩ ራሱ ያስወጣዋል።

ከዴኩ ቢጫው ገመድ ምስል፣ ነጭና ቀዩ ድምፅ ይዘው ወደ ዩኤስቢ መቅረጫው ይገባሉ። ኮምፒዩተሩ ላይ ፓል የሚባለው የሥርጭት ዓይነት መመረጥ አለበት፤ የእኛ ሥርጭት 625 መስመርና በሰከንድ 25 ምስል ነው። ብዙ መቅረጫ ሲገዛ ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሌላ ዓይነት ላይ ተቀምጦ ይመጣል፤ ቀለሙ ቢጠፋ ወይም ምስሉ ቢንከባለል ካሴቱን ሳይሆን መጀመሪያ ይህን ፈትሹ። መጠኑ 720 በ576 ይሁን። ድምፁ ቀስ በቀስ ከከንፈር ጋር መግጠሙን ካቆመ ኮምፒዩተሩ ምስሎችን እየጣለ ሊሆን ይችላል፤ ሌሎች ፕሮግራሞችን ዝጉ፣ 30 ደቂቃ 30 ደቂቃ እየከፈላችሁ ቅዱ። ኢ-180 የተጻፈበት ካሴት በመደበኛው ፍጥነት 3 ሰዓት ይይዛል፤ ኤምፔግ-2 በሚባለው በጣም የታመቀ የፋይል ዓይነት በሰከንድ በ8 ሜጋቢት ሲቀዳ በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ያህል፣ ብዙም ባልታመቀው በዲቪ 13 ጊጋባይት ያህል ይፈልጋል። ቦታ ካለ ዲቪው ይሻላል፤ በኋላ ቢቆራረጥም ጥራቱ አይጎዳም።

ከዚያ የሚቀረው ዘመኑን ማወቅ ነው፤ ማስታወቂያ ለዚህ ከዜና ይልቅ ይናገራል። ከሥር የተጻፈው የአዲስ አበባ ስልክ 6 አኃዝ ከሆነ ከመስከረም 1998 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ነው፤ 011 ወይም የጎንደር 058 ካለ ከዚያ ወዲህ ነው። የስልክ ድርጅቱ «ኢትዮ ቴሌኮም» ከተባለ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ፣ የ1 ብር ሳንቲም ከታየ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በማእዘኑ «ኢቢሲ» የሚል አርማ ካለ ከ2006 መጨረሻ አይቀድምም። ጥቁርና ነጭ ሆኖ የተቀረጸ ምስል ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቴሌቪዥኑ ወይም መቅረጫው ቀለም አጥቶ ሊሆን ይችላል።

አባባሉን ስለመጠቀም አንድ ነገር እንጨምር። ለሴት ሲነገር «የሰማሽ ላልሰማ አሰሚ» ይባላል፣ ለአንድ ትልቅ ሰው በቀጥታ ሲነገር ደግሞ «የሰሙ ላልሰማ ያሰሙ» ማለት ይገባል። ለሕዝብ ሲሆን እንደ ጥንቱ «የሰማህ» ብሎ መተው ነውር የለበትም። ለሐሜትና ላልተረጋገጠ ወሬ ግን አይገጥምም፤ አዋጅ ባለቤቱ የሚታወቅ ቃል ነውና።

ፋይሉን ስትሰይሙ የዕቃውን ስም፣ ዘመኑን፣ በግምት ከሆነም «ግምት» የሚለውን ቃል ጻፉ፤ ዋናውን ካሴት እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ ከድምፅ ማጉያ አርቃችሁ አኑሩት። ከዚያ ድምፁን ብቻ ቆርጣችሁ በሰፈሩ ላሉ ትልልቅ ሰዎች አሰሟቸው። ዜማውን አብረው የሚቀጥሉበት ቦታ ላይ ቅጂው የተቆረጠ ከሆነ የጎደለውን ስንኝ የሚያገኙላችሁ እነሱ ናቸው፤ እንዳሉት ጽፋችሁ ከፋይሉ ጋር አስቀምጡት።