የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር

ተማሪዎች በአጭሩ «ኤግዚት» የሚሉት የመውጫ ፈተና የመጀመሪያ ዲግሪ ለመቀበል የግድ መታለፍ ያለበት አገር አቀፍ ፈተና ነው። ቀድሞ የሕግ ተማሪዎች፣ በኋላም አንዳንድ የጤና ሙያዎች ብቻ ይፈተኑት ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትና የግል ተቋማት ተመራቂዎች በየሙያቸው በኮምፒውተር ይፈተኑታል። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው።

ለምን በኮምፒውተር? በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ መሰረዙን የሚያስታውስ ሰው ብዙም አይጠይቅም። የታተመ ወረቀት ይጓጓዛል፣ ያድራል፣ ይጠበቃል፤ በየመንገዱ እጅ ይነካዋል። በኮምፒውተር ግን ጥያቄው የሚከፈተው በሰዓቱ ነው፤ እርማቱንም ማሽኑ ይጨርሰዋል።

ተፈታኙ ስልኩን ውጭ ትቶ፣ መታወቂያውን አሳይቶ የኮምፒውተር ላብ ውስጥ ይገባል። የተሰጠውን ዩዘር ኔምና ፓስወርድ ያስገባል። (አንዲት ፊደል ተሳስቶ «አልገባም አለኝ!» ብሎ እጁን የሚያወጣ መቼም አይጠፋም።) ከዚያ በኋላ ሌላ ገጽ መክፈት አይቻልም። የጥያቄዎቹ ቁጥሮች በትንንሽ ሳጥን ተደርድረዋል፤ የተጠራጠረውን ምልክት አድርጎበት ያልፋል፣ በኋላ ይመለስበታል። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል።

ራስ ምታቱ የኮምፒውተር ላቡ ነው። የአንድ ሙያ ተፈታኞች ጥያቄው እንዳይወጣ በአንድ ጊዜ መቀመጥ አለባቸው፤ ስለዚህ እንደ አካውንቲንግ ያለ ብዙ ተማሪ ያለው ትምህርት ክፍል ያለውን ኮምፒውተር ሁሉ ይጠቀልላል። መብራት ቢጠፋ ጀኔሬተር፣ ኔትወርክ ቢቆራረጥ የአይሲቲ ባለሙያ በተጠንቀቅ መቆም አለበት።

በ2015ቱ ፈተና 150,184 ሰው ተቀምጦ 61,054ቱ አለፈ። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 ከመቶ፣ ከግል ደግሞ 17.2 ከመቶ ብቻ። ቁጥሩ ብዙ ኮሌጆችን አስደንግጧል፤ ወላጆችንም የት እንደከፈሉ አሳስቧል።

እኔን የሚከነክነኝ ግን የጥያቄው ዓይነት ነው። ማሽን በቀላሉ የሚያርመው ምርጫ ነው። የአካውንቲንግ ተማሪ ሒሳቡን በባዶ ወረቀት ላይ ደረጃ በደረጃ በትክክል ሠርቶ መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ቢስት፣ ከገመተው ልጅ እኩል ዜሮ ያገኛል። ወረቀቷንም የሚያያት የለም።