ሞግዚት በድሬዳዋ፦ ከጓዳ እስከ ችሎት

በዕለት ንግግር ሞግዚት ተቀጥራ ልጅ የምትይዝ፣ የምታበላና የምታጥብ ሴት ናት። ደላላ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ልጅ የምትይዝ ሠራተኛ» ተብሎ ነው፤ ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል። ለልጅ ብቻ የገባችው ሴት ሳምንት ሳይሞላ ወጥ ሠሪም ልብስ አጣቢም ትሆናለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ስለማይሸፍን ሥራው፣ ደመወዙና የዕረፍት ቀኑ ገና ስትገባ፣ ተያዧ ባለበት በጽሑፍ ቢሰፍር ይበጃል።

በድሬዳዋ ሥራውን የሚያከብደው ሙቀቱ ነው። የታለበ የእናት ጡት ወተት ከፍሪጅ ውጭ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል የሚባለው ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ለማይበልጥ ክፍል ነው። የከዚራ ወይም የመጋላ ሰፈር ቀትር ከዚያ በላይ ስለሚሆን እንደታለበ ፍሪጅ መግባት አለበት። የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ደግሞ ፍሪጅ ካልገባ ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋል፤ ልጁ ጠጥቶ የተረፈውማ መልሶ አይሰጥም። «ሞቆታል» ብሎ 6 ወር ላልሞላው ሕፃን ውሃ ማጠጣት የተለመደ ስህተት ነው፤ ሆዱን ሞልቶ ጡት ያስተወዋል። መፍትሔው ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው። ተቅማጥ ሲይዘው የ1 ሊትሩ ለምለም (የተቅማጥ ንጥረ ነገር፣ ORS) ሳይከፈል በሙሉ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ውሃው ካነሰ ጨውነቱ ይበዛና ልጁን ይጎዳል። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል።

ቃሉ ከጓዳም ይወጣል። ራስ ተሰማ ናደው የልጅ ኢያሱ ሞግዚት፣ ማለትም እንደራሴ ነበሩ፤ ከድሬዳዋ በስተምሥራቅ ያለችው ሶማሊያም ከፊሏ ከ1942 እስከ 1952 ዓ.ም. በኢጣሊያ የሞግዚት አስተዳደር ሥር ቆይታለች።

ችሎት ሲገባ ትርጉሙ ይገለበጣል። በድሬዳዋም የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (213/1992) የልጁን አካልና አስተዳደግ ለአሳዳሪ፣ ገንዘቡንና ንብረቱን ለሞግዚት ይሰጣል። እናትና አባት በትዳር ሳሉ ሁለቱንም በጋራ ናቸው። ሁለቱም ከሞቱና ኑዛዜ ከሌለ አያቶች ይቀድማሉ፣ ቀጥሎ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድምና እህት፣ ከዚያ አጎትና አክስት። ብዙ አያቶች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፦ ልጁን ለዓመታት ስላሳደጉ ብቻ ባንክ የሟቾችን ገንዘብ አይከፍላቸውም፣ የሞግዚትነት ማስረጃ ይጠይቃል። ለማመልከቻው የልጁ የልደት፣ የወላጆቹ የሞት ማስረጃና ምስክሮች ቢዘጋጁ ምልልሱ ይቀንሳል። ማስረጃው ከወጣም በኋላ የልጁን ቤት ለመሸጥ ሌላ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ገዢ ይህን ሳያይ ቀብድ ባይሰጥ ይሻለዋል።