የፍላንጅ ርቀት ምንድን ነው? ለድሮ ማኑዋል ሌንስ ርካሽ የፊልም ካሜራ ሲመረጥ

አንድ ሰው የድሮ ማኑዋል (በእጅ ፎከስ የሚደረግ) ሌንስ እጁ ገብቶ «ለዚህ የሚሆን ርካሽ የፊልም ካሜራ የትኛው ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ የካሜራ ስሞች ድርድር ነው። እኔ ግን ከስሞቹ በፊት አንድ ቁጥር መታወቅ አለበት እላለሁ። ይህ ቁጥር የፍላንጅ ርቀት ይባላል፤ ሌንሱ ካሜራው ላይ ከሚያርፍበት የብረት ቀለበት ፊት ተነሥቶ ፊልሙ እስከተዘረጋበት ገጽ ድረስ ያለው ርቀት ማለት ነው። በሚሊ ሜትር የሚለካ፣ ከውጭ ሲያዩት የማያስታውቅ ነገር ቢሆንም፣ የትኛው ሌንስ ከየትኛው ካሜራ ጋር ተስማምቶ እንደሚሠራ የሚወስነው ከሁሉ በላይ እሱ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ሌንስ ምስል የሚሠራበትን መንገድ ማስታወስ ይበቃል። የሩቅ ነገር ምስል ጥርት ብሎ የሚያርፈው ከሌንሱ ኋላ በቅርብ ሲሆን፣ የቅርብ ነገር ምስል ግን ከሌንሱ ራቅ ብሎ ያርፋል። ፊልሙ ከቦታው ስለማይነቃነቅ መንቀሳቀስ ያለበት ሌንሱ ነው፤ የፎከስ ቀለበቱን ስናዞር መነጽሮቹ ወደ ፊት የሚወጡትና ወደ ኋላ የሚገቡት ለዚህ ነው። ቀለበቱ እስከ መጨረሻው ሲገባ የተጋደመ ስምንት በሚመስለው ምልክት ላይ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ተራራው፣ ጨረቃው፣ ከአድማስ ላይ ያለው ዛፍ ሁሉ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ሌንሱን የሠራው ፋብሪካ ይህን ማቆሚያ የቀረጸው ፊልሙ ከሌንሱ መቀመጫ በዚህን ያህል ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል ብሎ ነው።

ርቀቱ ጥቂት ቢዛነፍ ምን ይመጣል? የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሚገባው ቦታ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ፊት ርቆ ቢቀመጥ፣ ቀለበቱ ማቆሚያው ላይ ደርሶም ጥርት ብሎ የሚታየው 2.5 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ነገር ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ስሕተቱ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ ሩቁ ዳርቻ ወደ 1.3 ሜትር ይወርዳል። እንዲህ ያለ ካሜራ ጠረጴዛ ላይ ያለ አበባ ሊያነሣ ይችላል፤ መንገድ ማዶ የቆመ ሰው ግን አያነሣም። አንድ ሚሊ ሜትር ከጥፍራችን ውፍረት ብዙም የማይበልጥ መሆኑን ሳስብ፣ እነዚህን ሌንሶች የሠሩ ሰዎች ምን ያህል ይጠነቀቁ እንደነበር ይታየኛል።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው። የካሜራው የፍላንጅ ርቀት ሌንሱ ከሚፈልገው ካነሰ፣ ልዩነቱን አዳፕተር በሚባል ቀለበት ውፍረት መሙላት ይቻላል። የካሜራው ርቀት ከበለጠ ግን ከብረት ላይ ፍቆ ካልሆነ በቀር መቀነስ አይቻልም፤ ተጨማሪ መነጽር ያለበት አዳፕተር ሩቁን ቢመልስም የሌንሱን ጠባይ ስለሚያበላሽ እኔ አልመክረውም። በብዛት የሚገኙት ባለ መስታወት ካሜራዎች፣ ማለትም ሌንሱ ያየውን በውስጥ መስታወት ወደ መመልከቻው የሚያደርሱት፣ የሌንስ መግጠሚያቸው ስምና ቁጥሩ እንዲህ ነው፦ ካኖን ኤፍዲ 42 ሚሊ ሜትር፣ ሚኖልታ ኤስአር 43.5፣ ካኖን ኢኦኤስ 44፣ ኤም 42 እና ፔንታክስ ኬ ሁለቱም 45.46፣ ኦሊምፐስ ኦኤም 46፣ ኒኮን ኤፍ 46.5። ኒኮን ከእነዚህ ሁሉ ረጅሙ ስለሆነ ሌንሱ ሌሎች ካሜራዎች ላይ ሊገባ ሲችል፣ የኒኮን ካሜራ ግን የሌላውን ሌንስ በቀላሉ አይቀበልም። የካኖን ኤፍዲ ሌንስ ዕጣ ተቃራኒው ነው፤ ከራሱ ካሜራ ውጭ ከተዘረዘሩት በአንዱም ላይ ሩቅ አያይም።

ርካሽ የድሮ ሌንስ ሲባል መጀመሪያ የሚነሣው ኤም 42 ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ዲያሜትሩ 42 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ (የመጠምዘዣ መስመሩ) እርምጃ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ እንደ ጠርሙስ ክዳን እየተጠመዘዘ የሚገባ መግጠሚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ድሬስደን ውስጥ በተሠራው ኮንታክስ ኤስ ላይ ወጣ፤ ፕራክቲካ ተከተለው፤ በ1957 የጃፓኑ አሳሂ ፔንታክስ ተቀበለው፤ የሶቪየት ዜኒቶችም ኋላ ወደ እርሱ ዞሩ። የአንድ ኩባንያ የግል ንብረት ሆኖ ስላልቀረ፣ ዛሬ በዚህ ጥርስ የሚገቡ ሌንሶች ከጃፓን ታኩማር እስከ ጀርመን ፍሌክቶጎን፣ እስከ ሩሲያ ሄሊዮስ ድረስ ሞልተዋል። ሆኖም የጥርሱ ስፋት መለካት አለበት፤ የቀደሙት ዜኒቶች 39 ሚሊ ሜትር ነበሩ፤ በተመሳሳይ 39 ሚሊ ሜትር ስፋት ለላይካ፣ ለዞርኪና ለፌድ ካሜራዎች የተሠሩት ሌንሶች ደግሞ የፍላንጅ ርቀታቸው 28.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንድ የዞርኪ ጁፒተር ሌንስ በድሮ ዜኒት ላይ ተጠምዝዞ ልክ እንደ ራሱ ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን ከ16 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ከአፍንጫ ሥር ካለ ነገር በቀር ምንም አያሳይም። መግባትና መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለኤም 42 ሌንስ ሦስት ዓይነት ርካሽ ካሜራ ይታየኛል። አንደኛው ጥርሱ በራሱ ላይ ያለው ነው፤ በ1964 የወጣው ፔንታክስ ስፖትማቲክ፣ ልዩ ልዩ ፕራክቲካዎችና ዜኒት ኢ እዚህ ይመደባሉ። ዜኒት ኢ ባትሪ የማይፈልግ የሴሌኒየም ብርሃን መለኪያ አለው፤ ነገር ግን የሻተሩ፣ ማለትም ተከፍቶ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው መጋረጃ፣ ፍጥነት ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ ብቻ ነው፤ በመመልከቻው የሚታየውም ፊልሙ ላይ ከሚያርፈው ያነሰና ጨለም ያለ ነው። በእጁ ፎከስ ለሚያደርግ ሰው ብሩህ መመልከቻ ከምንም በላይ ስለሚያስፈልግ፣ ምርጫ ካለ ስፖትማቲክን አስቀድማለሁ።

ሁለተኛው የፔንታክስ ኬ ካሜራ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የተሻለው ምክር ይህ ነው። ፔንታክስ በ1975 ጥርሱን ትቶ በሩብ ዙር ያህል ተዟዙሮ ወደሚቆለፍ ባዮኔት ሲሸጋገር፣ የፍላንጅ ርቀቱን ግን 45.46 ላይ እንዳለ አቆየው። ስለዚህ የድሮው ሌንስ በቀጭን ቀለበት አማካይነት አዲሱ ካሜራ ላይ ገብቶ እስከ ተራራው ድረስ ጥርት አድርጎ ያያል። ከ1976 እስከ 1997 የተሠራው ኬ 1000 ሻተሩ ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ነው፤ ባትሪው የሚያገለግለው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ስለሆነ፣ ባትሪው ቢያልቅም ሥራው አይቆምም። ጥንቃቄ የሚያሻው አዳፕተሩ ላይ ነው። ትክክለኛው ቀለበት የካሜራው መግጠሚያ ውስጥ ሰጥሞ ይገባል፤ ትንሽ ስፕሪንግ ይይዘዋል፤ ጣት ሲዳሰስበት ከካሜራው ፊት ከፍ ብሎ አይሰማም። ከውጭ ከንፈር ያለው ቀለበት ለመግጠምና ለማውጣት ይመቻል፤ ነገር ግን የከንፈሩ ውፍረት ከላይ የተናገርነውን የ1 ሚሊ ሜትር ስሕተት ያስከትላል። ሁለቱም በአንድ ስም ስለሚሸጡ ከመግዛት በፊት ፎቶውን ከጎን ማየት ይገባል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚንቀው የካኖን ኢኦኤስ ፊልም ካሜራ ነው። ከ1987 ጀምሮ የተሠሩት እነዚህ ፕላስቲክ የበዛባቸው የአውቶፎከስ ካሜራዎች፣ ሰብሳቢዎች ስለማይሻሟቸው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው። ርቀታቸው 44 ሚሊ ሜትር በመሆኑ 1.46 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ቀለበት ኤም 42ን፣ በ2.5 ሚሊ ሜትር ደግሞ ኒኮን ኤፍን ይቀበላሉ፤ የኦሊምፐስም ሌንስ ይገባባቸዋል። ድክመታቸውም አለ። የመመልከቻ መስታወታቸው ለአውቶፎከስ የታሰበ ስለሆነ ምስሉን ለሁለት ከፍሎ የሚያሳየው የፎከስ መርጃ የለበትም፤ ያለ ባትሪም አይሠሩም። አንዳንድ ሌንሶች ደግሞ ቀለበታቸው ወደ ሩቅ ሲዞር የኋላ መነጽራቸው ወደ ውስጥ ስለሚገባ መስታወቱን ሊነኩ ይችላሉ። ይህን ሁሉ አውቆ ለሚገባ ሰው ግን አንድ ካሜራ ከሦስትና ከአራት ዓይነት መግጠሚያ የመጡ ሌንሶችን ማስተናገዱ ቀላል ጥቅም አይደለም።

በአዳፕተር ስንሠራ የአፐርቸሩ፣ ማለትም በሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበት የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ፣ አሠራርም ይለወጣል። በብዙ ኤም 42 ሌንሶች ጀርባ ላይ ትንሽ የብረት ዘንግ አለች፤ የራሱ ካሜራ ሻተሩ ሲከፈት ይህችን ዘንግ ገፍቶ አፐርቸሩን ያጠብባል። በአዳፕተር ላይ የሚገፋት ስለሌለ፣ ኤ እና ኤም የሚል መቀየሪያ ያለው ሌንስ ወደ ኤም መዞር አለበት፤ መቀየሪያ የሌለው ግን ዘንጓን ተጭኖ የሚይዝ አዳፕተር ካልተገኘለት ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይቀራል። ሄሊዮስ 44-2 ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው፤ ዘንግ የለውም። ፊት ለፊቱ ሁለት ቀለበቶች አሉ፤ በአንደኛው ለምሳሌ 8 ላይ ቀጭ አድርገን እናቆመዋለን፤ ሁለተኛው ምንም ድምፅ ሳያሰማ በ2 እና በ8 መካከል ይንሸራተታል። በ2 ከፍተን በብሩህ ምስል ፎከስ እናደርጋለን፣ ዓይናችንን ከመመልከቻው ሳናነሣ ቀለበቱን እስኪቆም እንስበዋለን፣ መመልከቻው ይጨልማል፣ ብርሃኑን እንለካለን፣ እናነሣለን። መጀመሪያ ላይ የሚያዘገይ ይመስላል፤ ከሁለት ፊልም በኋላ ጣቶች ራሳቸው ያውቁታል።

ሌንሱ ኤም 42 ካልሆነ ምርጫው ይጠብባል። የሚኖልታ፣ የኦሊምፐስ ወይም የካኖን ኤፍዲ ሌንስ ያለው ሰው የዚያኑ ኩባንያ ካሜራ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ሚኖልታ ኤስአርቲ 101ም ሆነ ካኖን ኤኢ 1 ከሌንሶቻቸው ጋር ያለ አዳፕተር በሙሉ አቅማቸው ይሠራሉ። ኒኮን ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። መግጠሚያው ከ1959 ጀምሮ አንድ ቢሆንም፣ በ1977 ኤአይ የተባለው የአፐርቸር ማስተሳሰሪያ ስለመጣ ከዚያ በፊት የተሠራ ሌንስ በአዳዲሶቹ ካሜራዎች ላይ ያለውን ማስተሳሰሪያ ምላስ ሊሰብር ይችላል። ኒኮን ኤፍኤምና ኤፍኢ ይህ ምላስ ስለሚታጠፍላቸው ለአሮጌውም ለአዲሱም ሌንስ ይሆናሉ፤ ከእነርሱ የቀደመው ኒኮርማትም ለአሮጌዎቹ ምቹ ቤት ነው።

ቁጥሩ ከተስማማ በኋላ የሚቀረው የካሜራው ጤንነት ነው። የኋላ በሩ ጠርዝ ላይ ያለው ብርሃን መከላከያ ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት ወደሚጣበቅ ጥቁር ዝቃጭ ይለወጣል፤ መተካቱ ግን ርካሽ ስለሆነ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ሻተሩን በ1 ሰከንድና በ1/1000 በሩ ተከፍቶ ወደ ብርሃን እያዩ መሞከር ይገባል፤ በፈጣኑ ላይ ከክፈፉ ግማሹ ጨለማ ሆኖ ከታየ መጋረጃው ደክሟል ማለት ነው። በ1960ዎቹ የተሠሩ ብዙ ካሜራዎች ብርሃን መለኪያቸው ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ የታሰበ ነው፤ ይህ ባትሪ ዛሬ ስለማይመረት በ1.55 ቮልት ሲተካ አንዳንዶቹ የተሳሳተ ንባብ ይሰጣሉ። መለኪያው ባይሠራም ፀሐይ በወጣበት ቀን አፐርቸሩን 16 ላይ አድርጎ የሻተሩን ፍጥነት ከፊልሙ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) ቁጥር ጋር ማቀራረብ፣ ለምሳሌ ለ200 ፊልም 1/250፣ የታወቀ መላ ነው።

የፍላንጅ ርቀቱ በእውነት ልክ መሆኑን ፊልም ሳያባክኑ ቤት ውስጥ ማረጋገጥ ይቻላል። የኋላ በሩን ከፍቶ፣ ፊልሙ የሚተኛባቸው ሁለት የውስጥ ሐዲዶች ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ደብዛዛ ስኮች ሳይረግብ ወጥሮ መለጠፍ ነው። ካሜራውን በመስኮት በኩል ወደ ሩቅ ምሰሶ ወይም ሕንፃ አቅንቶ ማስቀመጥ፣ አፐርቸሩን ሙሉ በሙሉ መክፈት፣ ሻተሩን ቢ (ቁልፉ ተጭኖ እስከተያዘ ክፍት የሚቆይበት ምልክት) ላይ አድርጎ ተጭኖ መያዝ፣ የሌንሱን ቀለበት እስከ ማቆሚያው ማዞር። ስኮቹ ላይ ሕንፃው ተገልብጦ ይታያል። በማጉያ መነጽር ሲታይ የመስኮቶቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ ከሆነ ሌንሱ፣ አዳፕተሩና ካሜራው ተስማምተዋል። ቀለበቱ ማቆሚያው ላይ ደርሶ ምስሉ አሁንም ወደ ጥራት እየተጠጋ ነገር ግን ያልደረሰ ከመሰለ፣ ሌንሱ ርቋል፤ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የአዳፕተሩ ውፍረት ነው። ስኮቹ ላይ ጥርት ያለው ምስል በመመልከቻው ሲታይ ከደበዘዘ ግን ሌንሱም ቀለበቱም ጥፋት የለባቸውም፤ ከቦታው የተንቀሳቀሰው የካሜራው መስታወት ወይም የመመልከቻው ገጽ ነውና፣ ያን ካሜራ ለጠጋኝ ሳያሳዩ ፊልም አለመጫን ይሻላል።