«70 በመቶው መረጠ» ሲባል ከስንቱ ነው?

የምርጫ ተሳትፎ ሲወራ ፐርሰንቱን እንሰማለን። ከምን ላይ እንደተሰላ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረንም። በመራጮች ባህሪ ላይ ዶክትሬቱን የሚሠራ ሰው ቀድሞ የሚያጣራው ይህንኑ ነው።

መምረጥ የሚችሉ 100 ሰዎች አሉ እንበል። 70ዎቹ ተመዘገቡ፣ 49ኙ ድምፅ ሰጡ። ከተመዘገቡት አንጻር ተሳትፎው 70 በመቶ ነው። መምረጥ ከሚችሉት አንጻር ግን 49 በመቶ፣ ከግማሽ በታች! ሁለቱም ቁጥር ውሸት አይደለም። ፖለቲከኛው ግን የሚያምርለትን ያነሳል።

አገር ከአገር ሲወዳደር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በአሜሪካዋ ኖርዝ ዳኮታ የመራጮች ምዝገባ ጭራሽ የለም፤ «ከተመዘገቡት ስንቱ?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1924 ድምፅ መስጠትን ግዴታ አደረገች። ከ60 በመቶ በታች የነበረው ተሳትፎ በ1925ቱ ምርጫ ከ90 በላይ ዘለለ። ሕዝቡ በአንዴ ፖለቲካ ወዳድ ሆኖ አይመስለኝም፤ ቅጣት መጥቶበት ነው።

ሰውን «መርጠሃል?» ብሎ መጠየቁም ብቻውን አያዋጣም። ያልመረጠው አፍሮ «አዎ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በሚፈቀድበት አገር መልሱን ከመራጮች መዝገብ ጋር ያመሳክራሉ።